ከድንጋይ የወጣው ወደ ድንጋይ እስኪመለስ

የአውሮፕላን ትኬት በኢንተርኔት እየቆረጥኩ ነበር። ሁሉን ሞልቼ ልጨርስ ስል ከመክፈያው ቁልፍ በላይ አንዲት ትንሽ ሳጥን አየሁ። «በረራዎን ከካርቦን ነፃ ያድርጉ» ትላለች። የምትጠይቀው ገንዘብ ከትኬቱ ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ምልክት አደረግኩባትና ከፈልኩ። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ብቅ አለ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ፤ አንድ ቁም ነገር የሠራሁ መሰለኝ።

ማታ ላይ ግን ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ያ ገንዘብ የት ነው የሄደው? ማንስ ምን ሠራበት? ኢሜይል ጻፍኩላቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ መስመር መልስ መጣ፦ ገንዘቡ ለደን ጥበቃ ፕሮጀክት ውሏል። የትኛው ደን? ስንት ዛፍ? ለስንት ዓመት? ደግሜ ጠየቅኩ። መልስ የለም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ካርቦን ገለልተኝነት ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ያዝኩ። እዚህ የምጽፈው ከንባቤ ውስጥ አልለቅ ያለኝን ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

መጀመሪያ ስለ ቃሉ። «ካርቦን ገለልተኝነት» ወይም «የተጣራ ዜሮ ልቀት» ሲባል ሐሳቡ ቀላል ነው። ወደ አየር የምንለቀውና ከአየር መልሰን የምናወጣው እኩል ይሁኑ ነው ነገሩ። የ2015ቱ የፓሪስ ስምምነት በአንቀጽ 4 ያስቀመጠው ይኸንን ነው፤ በዚህ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ሰው በሚለቀውና በሚመጠጠው መካከል ሚዛን እንዲኖር። ከሦስት ዓመት በኋላ የአየር ንብረት ለውጥ የበይነ መንግሥታት ፓነል ለግቡ ቁጥር አወጣለት። የምድር ሙቀት ጭማሪ በ1.5 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲገታ ከተፈለገ፣ የዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት በ2030 ከ2010ሩ በ45 በመቶ ገደማ መውረድ አለበት። በ2050 አካባቢ ደግሞ የተጣራ ዜሮ መድረስ አለበት።

ለምን ዜሮ? መቀነስ ብቻ ለምን አይበቃም? ይሄ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ግራ ሲያጋባኝ ቆይቷል። መልሱ ጋዙ አየር ላይ የሚቆይበት ዕድሜ ነው። ከምንለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፊሉን ውቅያኖስና ዕፅዋት ይወስዱታል። የተረፈው ግን ለመቶዎች፣ ከፊሉም ለሺዎች ዓመታት አየር ላይ ይከርማል። ስለዚህ ሙቀቱን በዋናነት የሚወስነው ከመጀመሪያው ጀምሮ የተጠራቀመው ድምር ነው። በየወሩ የሚበደር ሰው ብድሩን በግማሽ ቢቀንስ ዕዳው የሚያድግበት ፍጥነት ይቀንሳል እንጂ ዕዳው ማደጉን አያቆምም። ሳይንቲስቱ ቻርልስ ኪሊንግ በ1958 ሃዋይ ውስጥ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ መለካት ሲጀምር፣ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውሎች መካከል 315 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበሩ። ዛሬ ቁጥሩ ከ420 በላይ ነው። ከኢንዱስትሪ አብዮት በፊት 280 ገደማ ነበር። የዓመቱ አማካይ ከ1958 ወዲህ አንድም ጊዜ ካለፈው ዓመት ዝቅ ብሎ አያውቅም።

ነገሩን ቆዳዬ ላይ እንዲሰማኝ ያደረገው ግን ስለ ክብደት የሠራሁት ስሌት ነው። መጀመሪያ የተሳሳትኩ መስሎኝ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 750 ግራም ይመዝናል። ሲቃጠል የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን 2.3 ኪሎ ገደማ ነው። እንዴት ሆኖ? ቤንዚኑ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ የካርቦን አተም ከአየር ሁለት የኦክስጅን አተሞች ይዞ ስለሚወጣ ነው። ሃምሳ ሊትር ሞልቶ የተነሳ መኪና ነዳጁ እስኪያልቅ 115 ኪሎ ጋዝ ይተፋል። የአውሮፕላን ነዳጅም እንደዚያው ነው፤ አንድ ኪሎው ሲቃጠል ከሦስት ኪሎ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ይሄ ሁሉ ከጭስ ማውጫው እንደ ጠጠር እየተንጠባጠበ አስፋልት ላይ ቢቀር ኖሮ፣ መኪናችን ሥር የተከመረውን ማን ያነሳል ብለን ገና ዱሮ በተጣላን ነበር። ጋዙ አይታይም፣ አይሸትም። ችግሩም እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዛፎቹ ልመለስ። ዛፍ ካርቦን ይመጥጣል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ዛሬ ዓለም ሆን ብሎ ከአየር የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዓመት ሁለት ቢሊዮን ቶን ገደማ ሲሆን፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም የደን ሥራ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ልውውጡ ነው። አውሮፕላኑ ያቃጠለው ነዳጅ ከመሬት በታች ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ተዘግቶበት የኖረ ካርቦን ነበር። በምትኩ የተሰጠኝ ዛፍ ደግሞ በሃያ ዓመት ውስጥ ሊቆረጥ፣ በእሳት ሊጋይ፣ በተባይ ሊደርቅ ይችላል። ያኔ ካርቦኑ ተመልሶ አየር ላይ ነው። ሌላም አለ። ብዙ የካርቦን ክሬዲት፣ ማለትም «ይህን ያህል ጋዝ አስቀርተናል» የሚል የሚሸጥ ሰነድ፣ የሚቀርበው «ይህ ደን ሊቆረጥ ነበር፣ እኛ አስቀረነው» በሚል ነው። ሊቆረጥ እንደነበር በምን ይታወቃል? ማንም ሊነካው ያላሰበ ደን ተጠብቆ ቢሸጥልኝ፣ እኔ የለቀቅኩት ጋዝ እንዳለ አለ፤ ከአየር የወጣ ግን ምንም የለም።

ደን ይጠበቅ፤ ለውሃው፣ ለአፈሩ፣ ለአውሬው፣ ለካርቦኑም ጭምር። ለተቃጠለ ነዳጅ ደረሰኝ ሆኖ ሲቀርብ ግን አልስማማም።

እና ከየት ይጀመር? ባለሙያዎቹ በብዙ ነገር ይከራከራሉ፤ በዚህኛው ላይ ግን ብዙም ልዩነት የላቸውም። መጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ማጽዳት፣ ከዚያ የሚቻለውን ሁሉ ወደ ኤሌክትሪክ ማዞር። የዚህኛው ክፍል ዜና በእውነት ደስ ይላል። በ1954 ቤል ላቦራቶሪ የመጀመሪያውን ጥቅም ላይ የሚውል የሲሊከን የፀሐይ ሴል ሲያሳይ፣ ካረፈበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው 6 በመቶውን ነበር። ዛሬ ጣራ ላይ የሚሰቀለው ተራ ፓነል ከ20 በመቶ በላይ ይቀይራል። ከ2010 እስከ 2020 ባለው ጊዜ ከትላልቅ የፀሐይ ማመንጫዎች የሚገኝ ኤሌክትሪክ ከ80 በመቶ በላይ ረክሷል። የሊትየም ባትሪም እንዲሁ። ይህን ያመጣው አንድ ትልቅ ግኝት አይደለም። ፋብሪካ ሲሠራ ይለምዳል፣ ሲለምድ ያረክሳል፣ ሲረክስ ገዢ ይበዛል፣ ገዢ ሲበዛ ሌላ ፋብሪካ ይከፈታል።

ወደ ኤሌክትሪክ መዞሩ ሌላም ትርፍ አለው፤ ብክነትን ይቀንሳል። የቤንዚን ሞተር ከነዳጁ ኃይል አብዛኛውን በሙቀት መልክ ይበትነዋል። ጎማው ላይ የሚደርሰው ከሲሶው በታች ነው። ኤሌክትሪክ መኪና ከሦስት አራተኛ በላይ ያደርሳል። ቤት ለማሞቅ የሚሠራው ሂት ፓምፕ ደግሞ እንደ ፍሪጅ ነው፤ ሙቀትን ከውጭ ስቦ ወደ ውስጥ ያስገባል። አንድ አሃድ ኤሌክትሪክ በልቶ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት አሃድ ሙቀት ይሰጣል። ሙቀቱን ከቦታ ቦታ ያሸጋግረዋል እንጂ ራሱ አይፈጥረውም፤ ለዚህ ነው ከከፈልነው በላይ የምናገኘው።

ፀሐይ ማታ የለችም፣ ነፋስም ሲፈልግ ይተኛል። ይህን ለመሸፈን ባትሪ አለ፣ ውሃን በፓምፕ ወደ ላይኛው ግድብ ገፍቶ በተፈለገ ጊዜ መልቀቅ አለ፣ ራቅ ያሉ አካባቢዎችን የሚያገናኝ ረጅም የኤሌክትሪክ መስመር አለ። የከርሰ ምድር እንፋሎትና የኒውክሌር ኃይልም አሉ። እኔ ኒውክሌርን ከሚጠሉትም ከሚያመልኩትም ወገን አይደለሁም። በሰላም እየሠራ ያለ ጣቢያ ተዘግቶ በምትኩ የድንጋይ ከሰል ሲነድድ ግን ያመኛል።

«ይሄ ሁሉ ስንት ዘመን ይፈጃል?» ለሚል ሰው ሁልጊዜ የማነሳው ብሪታንያን ነው። በ1882 ለንደን ውስጥ የሕዝብ ኤሌክትሪክ ከድንጋይ ከሰል ማመንጨት የጀመረች አገር ናት። በ2012 እንኳ ከኤሌክትሪኳ 40 በመቶ ገደማው ከከሰል ነበር። ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 የመጨረሻው የከሰል ጣቢያዋ፣ ራትክሊፍ ኦን ሶር፣ ተዘጋ። ከ40 በመቶ ወደ ዜሮ በ12 ዓመት! ሁሉም ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ የከሰሉን ቦታ ከያዙት አንዱ የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ባሕር ላይ የተተከሉት የነፋስ ተርባይኖችና ከተወሰነ መጠን እንዳይወርድ ተደርጎ በ2013 በካርቦን ላይ የተጣለው ዋጋ ግን ከሰሉን ከገበያ አስወጥተውታል።

ኤሌክትሪክና መኪና እንግዲህ መንገዳቸው ታውቋል። የሚቀረው ፍጥነት ነው። ሌሊት የሚያነቃኝ ሌላው ክፍል ነው።

እቤታችሁ ልትሞክሩት የምትችሉት ነገር ልንገራችሁ። የእንቁላል ቅርፊት ብርጭቆ ውስጥ አድርጉና ኮምጣጤ አፍስሱበት። ወዲያው ጥቃቅን አረፋ ቅርፊቱን ይለብሰዋል። እየተላቀቀ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌላ ይተካል። ያ አረፋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ቅርፊቱ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት ነውና። እኔ ሳደርገው ብርጭቆውን ጆሮዬ ላይ አስጠግቼ አዳመጥኩት፤ ዝናብ ከሩቅ ሲመጣ የሚሰማውን የመሰለ ድምፅ አለው። በማግስቱ የቀረው ስስ ሽፋን ብቻ ነበር።

የኖራ ድንጋይም ያው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ሲሚንቶ የሚሠራው ይህ ድንጋይ ከሸክላ አፈር ጋር ተፈጭቶ 1,450 ዲግሪ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ ሲጠበስ ነው። ድንጋዩ ሲግል ጋዙን ይለቃል። ከ100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ 56 ኪሎው ኖራ ሆኖ ይቀራል፤ 44 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይሄዳል። እዚህ ጋ ቆም በሉ። ምድጃውን ያለ ከሰል፣ በፀሐይ ኤሌክትሪክ ብቻ ብናግለው እንኳ ያ 44 ኪሎ ይወጣል። ከድንጋዩ ነው የሚወጣው። ከሲሚንቶ ልቀት ወደ 60 በመቶ የሚሆነው ከዚህ ነው። ሲሚንቶ በጠቅላላው ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ከ7 እስከ 8 በመቶ ይይዛል። የምንኖርበት ቤት፣ የምንሻገርበት ድልድይ፣ ልጆች የሚማሩበት ክፍል፣ ሁሉም ከዚህ ነው።

መፍትሔ አለ፤ ግን አንድ አይደለም። ከጥብሱ፣ ማለትም ከክሊንከሩ፣ ግማሽ ያህሉን ሙቀት በነካው ሸክላና ባልተጠበሰ የኖራ ድንጋይ ዱቄት መተካት ይቻላል። የስዊዘርላንድ፣ የኩባና የህንድ ተመራማሪዎች ያሳደጉት ይህ ሲሚንቶ ልቀቱን እስከ 40 በመቶ ይቀንሳል። በጣም የምወደው ይሄን ነው፤ ሸክላ በየቦታው አለ፣ ምድጃውም አዲስ መሆን የለበትም። የቀረውን ጋዝ ከጭስ ማውጫው ላይ ይዞ መቅበር ነው። ኖርዌይ ብሬቪክ ላይ ባለ የሲሚንቶ ፋብሪካ በ2025 የተመረቀው የጋዝ መያዣ በዓመት 400,000 ቶን ለመያዝ ታስቦ የተሠራ ነው። ጋዙ ፈሳሽ ሆኖ በመርከብ ይጫንና ከሰሜን ባሕር ወለል በታች ይቀበራል። መቅበሩ አዲስ ነገር አይደለም። እዚያው ባሕር ውስጥ፣ ስላይፕነር በተባለው ቦታ፣ ከ1996 ጀምሮ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀበር ኖሯል።

ብረትም ተመሳሳይ ጣጣ አለው። የብረት ማዕድን ብረትና ኦክስጅን ነው። ከሰሉ የሚገባው ለማሞቅ ብቻ ሳይሆን ኦክስጅኑን ከብረቱ ነጥቆ ለመውሰድም ጭምር ነው፤ ነጥቆ ሲወጣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ይህን የመንጠቅ ሥራ ሃይድሮጅንም ይችላል። ያኔ የሚወጣው ውሃ ነው። ስዊድን ውስጥ ሦስት ኩባንያዎች ሃይብሪት ብለው በጀመሩት ሥራ የተገኘው የመጀመሪያው ብረት በ2021 ለቮልቮ ተሰጠ። ነገር ግን ሃይድሮጅኑ ራሱ በንጹሕ ኤሌክትሪክ ከውሃ ተለይቶ መምጣት አለበት፤ ያ ደግሞ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል። ለዚህ ነው ሃይድሮጅን ለቤት ማሞቂያና ለትንሽ መኪና ሲባል የማልወደው። ውድ ነገር ነው፤ ሌላ አማራጭ ለሌለው ይቀመጥ።

አውሮፕላኑስ? አንድ ኪሎ የአውሮፕላን ነዳጅ ዛሬ ካለው አንድ ኪሎ ባትሪ 40 እጥፍ ገደማ ኃይል ይይዛል። ለአጭር በረራ ባትሪ ይሞከራል። ረጅሙ በረራ ግን ለጊዜው ከዕፅዋት ተረፈ ምርት ወይም ከተያዘ ካርቦንና ሃይድሮጅን በሚሠራ ነዳጅ ላይ ነው ተስፋው። ነዳጁ አለ፤ መጠኑ ግን ገና ጠብታ ነው።

ሚቴንን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በ20 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 እጥፍ ያህል ያሞቃል፤ ዕድሜው ግን 12 ዓመት ገደማ ብቻ ነው። ከጋዝ ቧንቧ የሚያፈተልከውን መድፈን ቶሎ ውጤት የሚታይበት ሥራ ነው። ቁልፍና ላስቲክ ነው የሚጠይቀው።

ቴክኖሎጂው ብቻውን አይሄድም፤ ዋጋ ይገፋዋል። ፊንላንድ በ1990፣ ስዊድን በ1991 በካርቦን ላይ ታክስ ጣሉ። የስዊድን ኢኮኖሚ ከዚያ ወዲህ አድጓል፤ ልቀቷ ግን ወርዷል። የአውሮፓ ኅብረት በ2005 የልቀት ፈቃድ የሚሸጥበት ገበያ ከፈተ። መጀመሪያ ላይ ፈቃዱ ከሚገባው በላይ ታደለና በ2007 ዋጋው ወደ ዜሮ ወረደ። ለመቆጠብ የሚገፋ ነገር አልቀረም። በኋላ ፈቃዱ ሲቀነስ ነው ገበያው ጥርስ ያወጣው። ፈቃድ እንደ ልብ ከተገኘ ለመቀነስ የሚደክም ፋብሪካ የለም። ያቺ ትንሽ ሳጥንም ከዚህ አትለይም፤ ኢምንት ከፍዬ ንጹሕ ነህ ከተባልኩ በረራውን ለምን እቀንሳለሁ?

ይህ ሁሉ ተሠርቶም የሚተርፍ ልቀት ይኖራል። እሱን ነው ከአየር ላይ መልሰን ማውጣት ያለብን። አየር ውስጥ ካሉ 10,000 ሞለኪውሎች ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሆኑት አራት ያህል ብቻ ናቸው። አራቱን ለማግኘት አሥር ሺውን በማራገቢያ ስቦ በማጣሪያ ማሳለፍ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ማጣሪያውን አሙቆ የያዘውን ማስለቀቅ። አይስላንድ ውስጥ በ2024 ሥራ የጀመረው ማሞዝ የተባለው ጣቢያ በሙሉ አቅሙ ቢሠራ በዓመት 36,000 ቶን ይይዛል ተብሎ ነው የታቀደው። ዓለም ከነዳጅና ከኢንዱስትሪ በዓመት ከ37 ቢሊዮን ቶን ያላነሰ ይለቃል። አካፍዬ አየሁት። የጣቢያው የዓመት ሥራ የእኛ የግማሽ ደቂቃ ልቀት ነው።

ስሌቱን ስጨርስ ተስፋ የቆረጥኩ መስሎኝ ነበር። ግን ጋዙ ከተያዘ በኋላ የሚሆነውን ሳነብ ሌላ ስሜት ያዘኝ። ካርብፊክስ በሚባለው ዘዴ ጋዙ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ልክ እንደ አምቦ ውሃ። ለአንድ ቶን ጋዝ 25 ቶን ገደማ ውሃ ይጠይቃል። ከዚያ ከመሬት በታች ወዳለው ባዛልት ይገፋል። ባዛልት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር፣ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ነው። ኮምጣጣው ውሃ ከድንጋዩ ካልሲየም ያሟሟል፤ ካልሲየሙና ካርቦኑ ይገናኛሉ። በ2012 ተጀምሮ በ2016 በታተመው ጥናት ከገባው ጋዝ ከ95 በመቶ በላይ በሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ድንጋይ ሆኗል። ተቆፍሮ የወጣውን ናሙና ፎቶ አይቻለሁ። ጥቁሩ ድንጋይ ውስጥ ቀዳዳዎቹ በነጭ ተሞልተዋል። ያ ነጭ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የእንቁላሌ ቅርፊት፣ የሲሚንቶው ድንጋይ። ምድጃው ውስጥ በደቂቃዎች የተለያዩት እዚህ በሁለት ዓመት ተመልሰው ተገናኝተዋል።

ባለፈው ወር ሌላ ጉዞ ነበረብኝ። በባቡር የሚደረስበት ስለነበር በባቡር ሄድኩ። መመለሻው ግን ባሕር ማቋረጥ ነበረበትና ያቺ ሳጥን እንደገና መጣች፤ ቅጠሏም አብራ። ምልክት ሳላደርግ አለፍኩ። ከዚያ ለዚያው ድርጅት ሦስተኛ ኢሜይል ጻፍኩ። ካርቦኑ የት ነው የሚቀመጠው? ለስንት ዓመት? ማን ነው ሄዶ የሚለካው? መልሱን እየጠበቅኩ ነው።